የአቶ ንጋቱ ክፍት ቧንቧ

ስሙኝማ፤ ውሃ በሁለት ወር አንዴ ብቅ በሚልበት አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አስካለ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ለነገ ሠርግ የስድስት ሚዜዎች ቀሚስ መጨረስ አለባት። ይኼኔ ጣሪያዋ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ከበላይዋ ያለው የአቶ ንጋቱ ቤት ነው። ሰውየው ድሬዳዋ ሊሄዱ ሲሉ ቧንቧውን ቢከፍቱት ውሃ የለም፤ እንደተከፈተ ትተውት፣ በራቸውን ቆልፈው ሄዱ። ከሄዱ አርባ ቀናቸው። ዛሬ ውሃው መጣ። አስካለ የምትፈልገው ጣሪያው እንዲተዋት ብቻ ነው።

የቆጣሪ ሳጥኑን ቁልፍ ወደያዘው ዘበኛ ወረደች። "ላቀው፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጋልኝ፤ መዝጊያው ውሃውን አልያዘም፣ ጣሪያውም አልተወኝም።"

"ኮሚቴው ሳያዝ? እንጀራዬን ሊዘጉብኝ ነው እትዬ?" አላት።

ወደ ኮሚቴው ሊቀመንበር ወጣች። "ዘበኛውን ይዘዙልኝ፤ ዘበኛው መዝጊያውን አልዘጋም፣ መዝጊያው ውሃውን አልያዘም፣ ጣሪያውም አልተወኝም።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉ። "የአቶ ንጋቱ ቤት ኢንሹራንስ አለው። እነሱ ሳይፈቅዱ ብንነካ ማስረጃ አጠፋችሁ ይሉናል" አሉ።

የኢንሹራንሱ ሰው ተደውሎለት መጣ። አስካለ ቤት ገብቶ ጃንጥላውን ዘረጋ።

"ለሊቀመንበሩ ይፍቀዱላቸው፤ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዘዙም፣ ዘበኛው መዝጊያውን አልዘጋም፣ መዝጊያው ውሃውን አልያዘም፣ ጣሪያውም አልተወኝም።"

"ከሠላሳ ቀን በላይ ባዶ የከረመ ቤት ውላችን አይሸፍንም" አለ ከጃንጥላው ሥር። "መጀመሪያ ባለቤቱ ይናገሩ።"

አስካለ ቀሚሶቹን በፌስታል ጠቅልላ ለአቶ ንጋቱ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ውሃ መጣ ስትላቸው አላመኑም። "እኛ ሰፈር? በይ ለእኔም አንድ ጀሪካን ቅጂልኝ" አሏት።

"ጋሼ፣ ለኢንሹራንሱ ይናገሩልኝ፤ ኢንሹራንሱ ለሊቀመንበሩ አልፈቀደም፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዘዙም፣ ዘበኛው መዝጊያውን አልዘጋም፣ መዝጊያው ውሃውን አልያዘም፣ ጣሪያውም አልተወኝም።"

"ከቤትዎ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?" አለ የኢንሹራንሱ ሰው።

አቶ ንጋቱ ያቺን ሠላሳ ቀን ጠንቅቀው ያውቋታል። "የምን መውጣት? ይኸው ሳሎኔ ቁጭ ብያለሁ" አሉ። ከጀርባቸው ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል።

አስካለ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ቤት ካሉማ ይነሱና ይዝጉታ ጋሼ" አለቻቸው።



"ቤት ተቀምጠው እያዩ ካልዘጉ በገዛ እጅዎ ያመጡት ጉዳት ነው" አለ የኢንሹራንሱ ሰው እየጻፈ። "እሱንም አንሸፍንም።"

"ኧረ ዝጉት፣ በእናታችሁ ዝጉት" አሉ አቶ ንጋቱ ከድሬዳዋ።

ይኼኔ ባለቤቱ ለኢንሹራንሱ ተናገሩ፣ ኢንሹራንሱ ለሊቀመንበሩ ፈቀደ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አዘዙ፣ ዘበኛው መዝጊያውን ዘጋ፣ መዝጊያው ውሃውን ያዘ፣ ጣሪያውም አስካለን ተዋት።

የኢንሹራንሱ ሰው ሲወጣ "ለእርስዎስ ቤት?" ብሎ አንድ የኢንሹራንስ መግቢያ ፎርም ሰጣት። አስካለ አመስግና ተቀበለች፤ አራት ቦታ አጥፋ ከሚወላገደው የስፌት መኪናዋ እግር ሥር አስገባችው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስድስቱም ቀሚሶች ለሠርጉ ደረሱ፤ ወሬዬም እዚህ ላይ ጠብ ማለቱን አቆመ።