ሰይጣን ያላጠፋው ኮምፒውተር

አንድ ሰውዬ ነበር፤ ኮምፒውተር ሰራ። ገዛ አላልኩም፣ ሰራ ነው ያልኩት። ቆርቆሮው ከአንዱ የሞተ ኮምፒውተር፣ ሆድ ዕቃው ከሌላው፣ ማራገቢያው ከሦስተኛው። ጎኑ አልገጥም ብሎት በሲባጎ አሰረው። ማራገቢያውን ደግሞ ቦታ ሲያጣለት ከላይ ቆርቆሮውን ቀዶ እዚያ ሰካው። ሦስት ሬሳ ገጣጥሞ አንድ በሽተኛ አስነሳ በሉት። ግን ይሰራል። እሱም «የሱቅ ኮምፒውተር አይደርስበትም» እያለ ሰፈሩን አሰልችቷል።

ስሙ ላምቤቦ ነው። ሆሳዕና ከእናቱ ከእማማ ብርቄ ጋር ይኖራል። አባቱ ጋሽ ኤርጊቾ የመዘምራን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ፣ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ድምፃቸው በዚህ ምድር ላይ የቀረው በአንዲት ካሴት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ። መዝሙሩ ያልቅና መጨረሻው ላይ ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ይመርቃሉ።

ታዲያ የላምቤቦ እህት ልታገባ ሆነ። እማማ ብርቄም፣ ልጄ አባቷ ሳይመርቃት ከዚህ ቤት አትወጣም አሉ። አበቃ። እናት ከፈረደች ይግባኝ የት ይባላል?

ካሴቱ ግን አርጅቷል። በተጫወተ ቁጥር ይንጫጫል፣ ክሩ ይሳሳል። ስለዚህ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ቀድቶ መገላገል ነው። ላምቤቦ ቴፑን በሽቦ አገናኘ፣ መቅጃውን አስጀመረ። አርባ አምስት ደቂቃ ተጎልቶ ምን ይሰራል? ወጣ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ፣ በራሱ ተነስቶ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ቁጭ ብሏል። የተቀዳው የለም። ደገመ። ወጣ። ተመለሰ። የለም።

ምን ያላደረገው አለ? ራሙን ነቅሎ በላጲስ ጠረገ። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። መብራቱን የሚያወዛውዘው ያንተ ብየዳ ነው ብሎ ከጎረቤቱ ከበያጁ ጋር ተኮራረፈ። ጠጋኝ አመጣ። ጠጋኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢያሰራው ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም። «የታመምከው አንተ ነህ» ብሎት ሄደ። ላምቤቦ ደስ ብሎት ካሴቱን ከተተ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠፍቶ ተነስቷል።

አሁን ነገሩ መንፈሳዊ ሆነ። ምርቃቱ ጋ ሳይደርስ የሚያቋርጠው የበረከት ጠላት ነው ተባለ። ዓርብ የጸሎት ቡድን መጣ። ሲባጎው ተፈታ፣ ቆርቆሮው ላይ እጅ ተጫነ። የሪስታርት መንፈስ በስሙ ተጠርቶ ተገሰጸ፤ ስሙን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንድ ሰዓት ጸለዩ፣ ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋ። እሁድ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ተመሰከረ። እናንተም አጨብጭባችኋል፤ አትካዱ፣ አይቻችኋለሁ።

ሰኞ ጠፋ።

ያውም ቴፑ ካሴቱን በላው። ላምቤቦ ክሩን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣና በእስክሪብቶ አዙሮ መለሰው። ከዚህ በኋላ አንዴ ይጫወት ይሆናል፣ ሁለቴ ግን አይጫወትም። ሠርጉ ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ ማንንም አልጠራም። ካሴቱን ከተተ፣ መቅጃውን አስጀመረ፣ በርጩማ ስቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አልወጣም። የአባቱ አኮርዲዮን ጀመረ።

ስድስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እማማ ብርቄ ናቸው፣ በእግር ጣታቸው እየሄዱ። እጃቸው ላይ ራሳቸው የሰሩት ነጭ ዳንቴል አለ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጫፉ ላይ አበባ ያለው። ልጃቸውን ሲያዩት ዝም በል ብለው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ባላቸው እየዘመሩ ነዋ። ከዚያ ዳንቴሉን ኮምፒውተሩ ላይ ዘረጉት። በአራቱም ጎን ሳቡት፣ አስተካከሉት፣ ከላይ መታ መታ አደረጉት። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ የለበሰ፣ ሬዲዮኑ የለበሰ፣ ይሄ ምን በደለ?

«እማ፣ ሁልጊዜ ታለብሽዋለሽ?» አለ ላምቤቦ።

«አንተ ስትወጣ ነዋ፤ ስትመለስ ለሥራህ እንዲመችህ አነሳልሃለሁ። አንተማ ራቁቱን ጥለኸው ትሄዳለህ። የአባትህ ድምፅ ያለበት ዕቃ አቧራ ይጠጣ?»

ላምቤቦ ሁሉም ነገር ገባው። ጠጋኙ ሲመጣ ዳንቴሉ ለእንግዳ ክብር ተነሳለት፣ ሲሄድ ኮምፒውተሩ መልሶ ለበሰ። የጸሎት ቡድኑ እጅ ሊጭን ሲል ዳንቴሉ ተነሳ፣ ከአሜን በኋላ በምስጋና ታጥቦ ተመለሰ። ላምቤቦ የእናቱን እጅ ያዘና ከዳንቴሉ ሥር፣ ማራገቢያው ላይ አደረገው።

«ውይ፣ አተኩሶታል» አሉ።

«የሚተነፍሰው በዚያ ነው፣ እማ። ሲታፈን ይግላል። ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።»

እማማ ብርቄ ዳንቴሉን አነሱት። አጣጠፉት። «አራቱንም ጊዜ አባትህን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ?» አሉ።

«ሰይጣን ነው ብለን መስክረናል እኮ እማ፣ አሁን አታበላሺብን።»

ሳቃቸው እንዳይቀዳ ዳንቴሉን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ከዚያ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ። ሠላሳ። አርባ። አርባ ሦስተኛው ላይ ጋሽ ኤርጊቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የልጃቸውን ስም ጠሩ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ቅዳሜ ሙሽራዋ በአባቷ ድምፅ ተመርቃ ወጣች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያንን ኮምፒውተር ማን አጠፋው? ሰይጣን? ሰይጣን እኮ በዚያ ሳምንት ሆሳዕና ዝር አላለ ይሆናል። ያልሰራውን ሥራ ለምን ትሰጡታላችሁ? የሰራው አይበቃውም? በያጁ ነው? ምስኪኑ እስካሁን ይቅርታ አልተጠየቀም።

ያጠፋው ፍቅር ነው። ሳይጠይቅ የሚያለብስ ፍቅር።

እናንተ ግን ማንን አልብሳችኋል? አንተ፣ ደክማለች ብለህ ሚስትህን ከመዘምራን ያስቀረሃት፣ ደክሞኛል ብላህ ነበር? አንቺስ፣ ልጅሽ ምን እንደሚማር፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚስቅ ሳይቀር የወሰንሽለት? ለፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ጫፉ ላይ አበባ አለው። ልጁ ግን ይግላል። አንድ ቀን ብድግ ብሎ በሩን በርግዶ ይወጣል። ያኔ እኛን ለጸሎት ትጠሩናላችሁ፣ መጥተን እንገስጻለን፣ እናንተም ከአሜን በኋላ መልሳችሁ ታለብሱታላችሁ።

ላምቤቦስ ንጹሕ ነው? ነቀለ፣ ጫነ፣ ተጣላ፣ አስጸለየ። ያላደረገው አንድ ነገር ነው፤ አልተቀመጠም። በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብሎ ቢሆን፣ በስድስተኛው ደቂቃ ያገኘው ነበር።

ዛሬ ምሳ ስትበሉ ያንን ሰው ፈልጉት። የሚኮሳተረውን፣ ክፍሉን የሚዘጋውን፣ ትናንት የጮኸባችሁን። አጠገቡ ተቀመጡ። አትምከሩ። ጥቅስ አትጥቀሱበት። «ምን አስጨነቀህ? እኔ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ።

አሜኑን አሁን አልፈልገውም። እሱ መልስ ሲሰጣችሁ፣ መልሱም ሲያማችሁ፣ ያኔ እዚያው አሜን በሉ።