የደብሪቱ ጉርሻ

ዱሮ ነው። ያየው ሰው የለም፤ የሰማው ግን ብዙ ነው። ሾላ በር በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያለቻት ፈንታነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ናት።

ደብሪቱ ቆዳዋ ታመመ። ክርኗ ቀላ፣ ጉልበቷ ቀላ፣ ጀርባዋ ቀላ፣ እጇም ቀላ። በላዩ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ይረግፋል። ይጋባል ወይ? ይኸው፣ እናንተም ይህንኑ ጠየቃችሁ! አይጋባም። ልጇ ከጎኗ እየተኛች አድጋ ምንም አልነካትም። ይህን ማን አየላት? መንደሩ ዋንጫዋን ለየ፤ ከእጇም የሚጎርስ ጠፋ። ፈራጁ ብዙ፣ ጠያቂ ግን አንድም የለ።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጠበል ወሰዷት። ክረምት ነበር። ተጠመቀች፤ ሳል ይዟት ተመለሰች፤ ቆዳዋ ያው ነው። “እምነት ጎድሎሽ ነው” አሏት። ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም።

ቀጥሎ መድኃኒተኛው አባ ቢያድግልኝ መጡ። የሚያቃጥል ሥር ወቅጠው ጀርባዋን አሹት። ቅርፊቱ ከነቆዳው ተነሣ። “ጠራ!” ብለው ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ቅርፊቱ ተመለሰ፤ ሰፍቶ ተመለሰ። “አከክሽው እንጂ!” ብለው ተቆጧት። አሁንም የጠየቃት የለም። አይ ሰው!

ከዚያ የፈንታነሽ ሠርግ ደረሰ። በሾላ በር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናቷ በእጇ ታጎርሳታለች፤ ምርቃቱ እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን መከሩና፣ “አክስቷ ታጉርሳት። ደብሪቱ ጓዳ ትቀመጥ፤ አማቾች አይተው እንዳይጸየፉ” አሉ። አባ ቢያድግልኝንም እንደገና ጠሩ። እሳቸውም ያንኑ ሥር ይዘው መጡ።

“ዙሪ፣ ጀርባሽን ስጪኝ።”

ደብሪቱ አልዞረችም። ሁለት እጇን ዘረጋች።

“ጀርባዬን ማን ያየዋል፣ አባ? ሸፍኜው እኖራለሁ። ያስጨነቀኝ እጄ ነው። ልጄን በእጄ ላጎርሳት ነው የምፈልገው።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“መቼ ጠየቁኝ?”

አባ ሥሩን ወደ ከረጢታቸው መለሱት። “ጨርሶ አላጠፋውም፤ እየሄደ የሚመለስ ነው። ላለዝበው ግን እሞክራለሁ” አሉ። እውነቱን ሲነግሯት ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ቅቤ ቀቧት። አንድ ቅጠል ጨመሩበት፤ “ያቃጥለኛል” አለች፤ ተዉት። እንዶድ እጇን እንደሚያደርቀው ነገረቻቸው፤ ልብሱን ፈንታነሽ ታጥብ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሞቀች።

በሠርጉ ቀን እጇ ለስልሷል፤ ቅላቱ ግን አለቀቀም። ደብሪቱ ከጓዳ ወጣች። ጉርሻ ጠቀለለች፤ ለልጇ ዘረጋች።

“ኧረ በጭልፋ ይሁን!” አለ የሙሽራው አጎት። የሳቀም ነበር።

ፈንታነሽ ፊቷን የሸፈነውን ሻሽ ገልጣ ጎረሰች። ይኼኔ አባ ቢያድግልኝ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሡ። ደብሪቱ ፊት ጎንበስ ብለው “እኔንም” አሉ። መናገር እስኪያቅታቸው አጎረሰቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በሾላ በር መድኃኒተኛ ከበሽተኛው እጅ ሳይጎርስ ከረጢቱን አይፈታም። ጉርሻው ትልቅ መሆን አለበት። እሱ ሲያላምጥ በሽተኛው ያወራል፤ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ምን እንደሚፈልግ። አፉ ስለሞላ መስማት ግድ ይሆንበታል። ስሙም እስከ ዛሬ የደብሪቱ ጉርሻ ነው።

እኔ የማውቃቸው ፈራጆች አንድ አንድ ጎርሰው ቢሆን ኖሮ!