የወይዘሮ ዘነቡ ጉድጓድ

በአንድ ወቅት፣ በእንሰት አገር፣ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሀብታቸው ከጓሯቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። ወርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቆጮ ነው። ግን የሳቸው ቆጮ ዝናብ ቢበዛ አይበላሽም፣ ፀሐይ ቢበረታ አይከፋም፤ ሠርገኛውም ለቅሶ ደራሹም ከዚያ ጠግቦ ይሄድ ነበር። ምስጢሩ እርሾው ነው። አዲስ የተፋቀ እንሰት ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ከአሮጌው ቆጮ ተዘግኖ ይቀላቀልበታል፤ አሮጌው ደግሞ ከእናታቸው፣ ከአያታቸው ሲወራረድ የመጣ ነው። በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ እርሾው ከግቢ አይወጣም፣ ባዕድም አይገባበትም።

ወይዘሮ ዘነቡ ሊያርፉ ሲሉ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን በዚህ ሕግ አስማሏቸው። "ጉድጓዱንና ጓሮውን፣ እርሾውን በሕይወት ያቆየች ትውረስ" አሉ። ለሁለቱ ልጆች ይህ የክብር ነገር ነበር። ታላቂቱ ተካበች ግን ባሏ ሞቶባት ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች ናት፤ ከዚያ ጓሮ በቀር መግቢያ የላትም።

ተካበች መሐላውን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። ጉድጓዱን እየከፈተች ታገላብጣለች፣ የኮባውን ቅጠል ትለውጣለች፣ እያሸተተች ደህንነቱን ታያለች። እህቶቿ አዲስ የመፋቂያ ሳንቃ ገዝተው ቢያመጡላት እንኳ የእናቷን አሮጌ ሳንቃ አልጥልም አለች። የልብ ወዳጇ የሆነች ጎረቤት እርሾ ለምናት ከለከለቻት፤ ጎረቤቲቱም አኮረፈቻት። ተካበች ኩርፊያውን ቻለችው። እህቶቼም እንደኔው ናቸው ብላ ነዋ!

መካከለኛይቱ ወለላ ተምራ በቤተ ሙከራ የምትሠራ ናት። አንድ በዓል መጥታ ስትመለስ ከእርሾው ጭብጥ አድርጋ በፌስታል ቋጥራ ሄደች። ብትመረምረው ጉድ ሆነባት፤ በዓይን የማይታይ ስንት ዓይነት ሕያው ነገር አብሮ ይኖራል! አንዱ ያኮመጥጣል፣ አንዱ ያለሰልሳል፣ አንዱ ሻጋታ ይከላከላል፤ የብዙዎቹ ሥራ ጨርሶ አልታወቃትም። ከሁሉም አንዱ ብርቱ ነበር፤ ቆጮውን ቶሎ ያደርሳል። እሱን ብቻ ለይታ አራባችው። ክፋት አላሰበችም፣ እህቷን ከወራት ጥበቃ ልትገላግላት ነው። ተካበች ለቅሶ በሄደችበት ቀን ጉድጓዱን ከፍታ ጨመረችውና ዝም አለች።

በዚያ ዓመት ቆጮው ፈጥኖ ደረሰ፤ ተካበችም እጄ ተባርኮ ነው ብላ ተደሰተች። ለካ ብርቱው ሌሎቹን አንድ በአንድ ቦታ እያሳጣ ኖሯል። በሚቀጥለው ክረምት ዶፍ ወርዶ ጉድጓዱ ውሃ ሲገባው ብርቱው አልቻለውም፣ የሚያግዘውም አልነበረም። ቆጮው ጠቆረ፣ ሸተተ፣ እርሾው ሞተ። ተካበች ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ሰው አለቀሰችለት።

ወለላ መጥታ እህቷን እንዲህ ስታያት አላስቻላትም።

"እትዬ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ" አለችና ያደረገችውን ነገረቻት።

"ከጀርባዬ?"

"ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።"

"ብትነግሪኝ አብረን እንሳሳት ነበር" አለች ተካበች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አላናገረቻትም።

ታናሺቱ ብርነሽ ከወንዝ ማዶ ያገባች ናት። ወሬውን ሰምታ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ ከች አለች። "ይኸው የእማዬ እርሾ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ሙሽራ ሆና ስትሄድ፣ አማቷ እንዳይንቋት ብላ ከልብሷ መሀል ሸሽጋው ወጥታለች። እዚያም ለጎረቤት አበድራለች፣ የጎረቤትም ተቀላቅሎበታል፣ በሌላ ዓይነት እንሰት ላይ ኖሯል።

"እናታችን ፊት አልማልሽም?" አለቻት ተካበች።

"ስምል እኮ እትዬ፣ ቀድሞ ወንዝ ማዶ ተቀብሮ ነበር።"

ተካበች ቅስሟ ተሰበረ። ያኮረፈቻት ጎረቤት ትዝ አለቻት። አንዷ ከዳችኝ ብላ ሳትጨርስ ሌላዋ ድሮውኑ ከድታት ተገኘች።

ያም ሆኖ የብርነሽን እርሾ ቀበሩት። ቆጮው ኮመጠጠ፣ ግን ሻጋታ ያዘው። ወለላ ደጋግማ መረመረችና "ሻጋታ የሚከላከለው የለም፤ ወንዝ ማዶ ጠፍቶ ቀርቷል" አለች። ቤቱን ሁሉ እያሰሰች ናሙና ወሰደች። በመጨረሻ ያንን ያጣችውን ከእናታቸው አሮጌ ሳንቃ ስንጥቅ ውስጥ አገኘችው። ተካበች በዚያው ሳንቃ እንሰት ፋቀችና ከብርነሽ እርሾ ጋር ቀላቅላ ቀበረችው። ጉድጓዱ ዳነ።

አሁን ውርሱ ሊወሰን አጎታቸው አቶ ዘበርጋ ተጠሩ።

"እኔ ባልሰርቅ ኖሮ የሚቀበር አይኖርም ነበር" አለች ብርነሽ።

"የጎደለውን ያወቅሁት እኔ ነኝ። ባላውቅ ሁሉም ሻግቶ ይቀር ነበር" አለች ወለላ።

"ሁለታችሁም ቃላችሁን ብትጠብቁ መቼ ይሞት ነበር?" አለች ተካበች። "አሁን ደግሞ ጓሮውን ወስዳችሁ እኔን ከከዱኝ ሰዎች ደጅ ልታስጠልሉኝ ነው?"

አቶ ዘበርጋ ብዙ አሰቡ። "ማንም ቃሉን ባያፈርስም እርሾው በዚያ ዶፍ ሊጠፋ ይችል እንደነበረስ ማን ያውቃል?" አሉና ፍርዱን ሳይሰጡ ከአዲሱ ቆጮ ቆርሰው ለሦስቱም አጎረሱ። ተካበች ቀመሰችው። ልክ የእናቷ ቆጮ ነበር።

በአቶ ዘበርጋ ቦታ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ጉድጓዱ ለማን ይገባል ትላላችሁ? ቃሏን አፍርሳ ዘሩን ላተረፈችው፣ ገድላ ላዳነችው፣ ወይስ ቃሏን ጠብቃ ብቻዋን ለቀረችው?