የኤሊዋ ጎረቤት

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

በአንድ ራቁት ኮረብታ ላይ ኤሊ ብቻዋን ትኖር ነበር። በችግኝ ተከላ ቀን አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ሰዎች እየዘፈኑ መጡና አንዲት የወይራ ችግኝ ተከሉ፤ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

«እትዬ ኤሊ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?» አለች ችግኟ።

«እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ አንቺ እደጊልኝ፤ ጥላሽ ሥር ቁጭ ብለን እናወጋለን» አለች ኤሊ።

በጋው ሲበረታ ችግኟ ደረቀች። በዓመቱ ሰዎቹ እየዘፈኑ መጡ። «ደግነቱ የአምናው ጉድጓድ አለ!» ብለው ጭራሮዋን ነቅለው ጣሉና እዚያው ሌላ ችግኝ ተከሉ፤ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

«እትዬ ኤሊ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?» አለች አዲሷ ችግኝ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ አስገባች።

ተረቴን መልሱ፤ ስትመለሱም ውሃ ያዙ።