የአያ ጅቦ ድልድይ

አንድ ጊዜ አራዊት ከተማ ቆርቁረው፣ ከንቲባ ሾመው፣ ምክር ቤት አቋቁመው ሲኖሩ፣ ከተማዋን ደፍራሽ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላት ነበር። በላይኛው ማዶ ምክር ቤቱ፣ ገበያውና ጥላ ያለው ዛፍ ሁሉ አለ። በታችኛው ማዶ ዋሻ ሰፈር አለ፤ እዚያ ያለው ጭቃና ነዋሪ ብቻ ነው። በጋ በጋ ደፍራሽን ጥንቸል እንኳ ጉልበቷ ሳይርስ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ዝሆን ያንገዳግዳል። ባለፈው ክረምት የእመት አህያን ውርንጭላ ወስዷል። ስለዚህ ዋሻ ሰፈር ከምክር ቤት የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ድልድይ።

የሰፈሩ ወኪል ልሁን ብሎ አያ ጅቦ ተነሣ። ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ «ክረምት ሳይገባ ድልድይ እሠራለሁ! ካልሠራሁ ጅብ አትበሉኝ!» አለ። ይህ መሐላ ለሰሚው ሁሉ ደስ የሚል ነበር።

አህዮች ሳይቀሩ መረጡት። አህያ እንዴት ጅብ ትመርጣለች የሚል ካለ፣ እመት አህያ ለጎረቤቶቿ ያለችው ይህ ነው፦

«ምክር ቤት የገባ ጅብ ቀን ስብሰባ፣ ማታ ግብዣ ነው። እኛ ደጅ የሚመጣበትን ጊዜ ከየት ያገኘዋል?»

ነገሩ እውነት አለው።

አያ ጅቦ ምክር ቤት የገባ ቀን ቁርበት አንጥፉልኝ አላለም፤ ወንበሩ ራሱ በቁርበት የተለበጠ ነበርና። ከንቲባው አያ አንበሶ ንግግር ሲያደርግ እሱ የወንበሩን ጠርዝ ሲያኝክ ዋለ። ስብሰባው ሲበተን የምክር ቤቱን ጸሐፊ እመት ቀበሮን ጠራት።

«ስሚ እስቲ፣ ይህን የድልድይ ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ሰፈሬ ይጠብቀኛል።»

«ይጨረሳላ! ምን ገዶን። ግን አያ ጅቦ፣ ድልድይ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ?»

«ይሻገሩበታላ!»

«ኧረ ከዚያ በፊት! ይመረቃል። ለምርቃቱም በሬ ይታረዳል።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቆመ። «በሬ?»

«አንድ በሬ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ድልድይ ምን ይበላል?» እመት ቀበሮ ጠጋ አለችው። «የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ግን፣ ለድንጋዩም በሬ ይታረዳል። ድንጋይ ደግሞ ዛሬም ይቀመጣል፣ ነገም ይቀመጣል። ቦታው አልተመቸም ተብሎ ፈቀቅ ይደረግና እንደገና ይቀመጣል። ማን ከልካይ አለበት?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልነበረ ትንሽ አላበው።

«እንግዲያ ድልድዩን መጨረስ ኪሳራ ነዋ!»

«ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ» አለችና ሄደች።

በሬዎቹስ ምን አሉ ቢባል፣ በዚያ ከተማ በሬ የመምረጥ መብት አልነበረውም።

የመጀመሪያው ድንጋይ ሲቀመጥ ዋሻ ሰፈር በሙሉ እልል አለ። ሪባን ተቆረጠ። አያ ጅቦ በሬውን ከጨረሰ በኋላ ሪባኑንም በላው። ክረምት መጣ፣ ሄደ። ድንጋዩ ፈቀቅ ተደርጎ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጠ፤ በሬ ታረደ። ሌላም ክረምት መጣ፣ ሄደ። ከንቲባው በትጋቱ ተደንቆ አያ ጅቦን የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረገው። ሰብሳቢ ከሆነ ወዲያማ ውኃ በሌለበት ሁሉ የድልድይ ድንጋይ አስቀመጠ። ኮረብታው ጫፍ ላይ እንኳ አንድ አለ። ለስብሰባ ይቀርበኛል ብሎም ኑሮውን ወደ ላይኛው ማዶ አዛወረ። ሚስቱ እመት ጅቢት ግን፣ «ከእናቴ ዋሻ አልነቃነቅም» ብላ ሰፈሯ ቀረች።

አንድ የበጋ ቀን እመት አህያ ወንዙን ተሻግራ ደጁ መጣች። አያ ጅቦ አጥንት ይዞ ፀሐይ ይሞቃል።

«እንደምን ከረምክ፣ አያ ጅቦ? ድልድያችንስ?»

«እየተሠራ ነው። ድንጋዩን አላየሽም እንዴ?»

«አየሁት እንጂ! ጎኔን አክኬበታለሁ። ለማከክ ደግ ድንጋይ ነው። ለማከክ ግን ድሮም የዋሻ ግድግዳ አላጣንም።»

«ልማት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እመት አህያ። አንቺ ደግሞ በትዕግሥት የታወቅሽ ነሽ።»

«በትዕግሥትስ አልታማም። ልጄም ታጋሽ ነበር። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሞ ጠብቆ፣ ጠብቆ ነው የገባው።»

አያ ጅቦ አጥንቱን ገልበጥ አድርጎ፣ «አጀንዳ ይያዝልሻል» አላት።

እመት አህያ ዞራ ሄደች። ከኋላዋ ሲያያት ዳሌዋ ሞላ ያለ መሰለው፤ ነገር ግን ባለ ሥልጣን ነውና ምራቁን ዋጠ። ይህን ያህል ጨዋነት ነበረው።

ዘመኑ አለቀና ምርጫ ደረሰ። ወሩ ሰኔ ነው። አያ ጅቦ ወንበሩን ማጣት በሕልሙም አልፈለገም። ወንበር ከሌለ በሬ የለም፤ በሬ ከሌለ ደግሞ እንደ ድሮው ጥንብ ፍለጋ መንከራተት ነው። ከዋሻ ሰፈር ልወዳደር ብላ የተነሣችው ደግሞ እመት ቀበሮ ናት። እሱ ግን አልተከፋም። «ጸሐፊዬ አይደለችም? ለወጉ ነው» አለ።

በምርጫው ዋዜማ እመት ቀበሮ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ነገ ጠዋት በዚህ ማዶ አንድ የመጨረሻ ድንጋይ አለችዎ። በሬው የሰባ ነው።»

«ነገ ምርጫ አይደለም እንዴ?»

«ምርጫው ረፋድ ላይ ነው፤ ድንጋዩ በጠዋት ነው። አስቀምጠው፣ ቀማምሰው፣ ወርደው መሻገር ነው። ወንዙ እንደሆነ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

«እውነትሽን ነው። ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

በማግስቱ ድንጋዩ ተቀመጠ፣ በሬው ታረደ። እመት ቀበሮ፣ «ሆዴን ቆርጦኛል» ብላ ሳትቀምስ በጠዋት ተሻገረች። አያ ጅቦ ጎድኑን ጨረሰ። ደጋው ላይ ሰማዩ ጠቆረ። «እስኪ ይቺን ጭን» አለ። ደጋው ላይ ነጎድጓድ ተንደቀደቀ። «እስኪ ይቺን ቅልጥም።» ቅልጥሙን ሰብሮ፣ መቅኔውን መጦ፣ አፉን ጠርጎ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ደፍራሽ ግንድ እያንከባለለ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ደረሰ።

በዚያ ከተማ ምርጫ በሰልፍ ነው። እጩው ይቆማል፣ የወደደው ከኋላው ይሰለፋል፣ አስመራጩ አባ ዝንጀሮ ይቆጥራል። በታችኛው ዳር ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አያ ጅቦ ከላይኛው ዳር ጮኸ።

«አባ ዝንጀሮ! አለሁ! እጩ ነኝ!»

«አይተንሃል! እዚያው ቁም! የወደደህ መጥቶ ከኋላህ ይሰለፋል!»

«ኧረ በምን ተሻግሮ?»

እመት አህያ ከሕዝቡ መሀል መለሰችለት። «እኛማ በድልድዩ እንዳንመጣ ኮረብታው ላይ አስቀመጥከው!»

ሕዝቡ ሳቀ። አያ ጅቦ አልሳቀም። ዓይኑን ወደ ሚስቱ ላከ።

«ጅቢት! አንቺ እንኳ ነይ እንጂ!»

እመት ጅቢት ወደ ውኃው ወረደች። አንድ እግሯን ነከረች። ግንድ እየተገለባበጠ በአጠገቧ አለፈ። እግሯን አወጣችና አራገፈች።

«ባሌ፣ እወድሃለሁ። ግን ነፍስ ይቀድማል!» ብላ ሄዳ ከእመት ቀበሮ ኋላ ተሰለፈች። ጅቦቹም ተከተሏት።

ሳትሰለፍ የቀረች እመት አህያ ብቻ ነበረች። ፊት ለፊት ሄዳ ቀበሮን ተመለከተቻት።

«የድንጋዩን ዘዴ ያስተማርሽው አንቺ እንደሆንሽ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አሁን ትሠሪዋለሽ ወይስ አትሠሪውም?»

እመት ቀበሮ ማዶ ብቻውን፣ ጭራውን በእግሩ መሀል ሸጉጦ የቆመውን አያ ጅቦን አየች።

«ለእናንተ ብዬ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ያንን አይቼ እንዴት አልሠራም?»

«እንዲህ ያለ እውነት ከቀበሮ አፍ ሰምቼ አላውቅም» አለችና እመት አህያ ሄዳ ተሰለፈች።

አባ ዝንጀሮ ቆጥሮ ጨረሰ። ከአያ ጅቦ ኋላ የተገኘው የገዛ ጭራው ብቻ ነበር፤ እሱም ለድምፅ አይቆጠርም ተባለ።

ውኃው ሲጎድል ሥራ ተጀምሮ በጥር ድልድዩ ቆመ። በሬ አልታረደም። እመት አህያ አዲሱን ውርንጭላዋን አስከትላ መጀመሪያ ተሻገረች፤ አያ ጅቦ ደግሞ ሲመሽ፣ ማንም ሳያየው ወደ ሚስቱ ዋሻ ገባ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሰፈሩ ድልድይ የነፈገ ሹም ወንዙ የሞላ ዕለት እሱም ብቻውን ከማዶ እንደሚቀር ነው።