የአንበሳ አፍ የገዛችው አህያ

አንድ ጊዜ ጌታ አንበሳ የክረምቱን ብርድ ሸሽቶ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲሰናዳ፣ ከዋሻው ሥር ጎጆ ቀልሳ የምትኖር አንዲት አህያ እንቅልፍ አጣች። አንበሳው ጎረቤቷ እስከሆነ ድረስ ማንም ደፍሮ ደጇን አይረግጥም ነበር። አሁን ግን አያ ጅቦ በጓሮዋ ሲያልፍ፣ «ጌታ አንበሳ ይውረዱ እንጂ፣ መጥቼ እጠይቅሻለሁ» ብሏት ሄዷል። የጅብ ጥየቃ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእርሷ ባል ደግሞ አምና ራሱንም አላስጣለም።

ፈርታ ነበር፣ በጣም ፈርታ። አንበሳው ዘንድ ሄዳ አንገቷን ደፋች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲሄዱ እኔ የማን ነኝ?» አለችው።

አንበሳው ለዓመታት ውኃውን የቀዳችለትን፣ እንጨቱን የተሸከመችለትን አህያ ትንሽ አያትና በክር የታሰረች ፍላሽ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። «ግሳቴን እዚህች ውስጥ ቀድቼልሻለሁ። ድምፅ እንጂ አፍ የላትም። አፉን ራስሽ ግዢ» ብሏት ወደ ቆላ ወረደ።

ደግነቱ በዚያው ሳምንት የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላት ነበር። ብዙ ብር አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየርና ስፒከር ለሚገዛ ግን፣ ካወቀበት ይበቃዋል፤ ካላወቀበት ባዶ ሳጥን ተሸክሞ ይመለሳል። አህያዋ ደግሞ ተሳስታ ዳግመኛ የምትገዛበት ጊዜም ብርም የላትም።

የሄደችበት የዕቃ መደብር ባለቤት ቀበሮ ነበር። ገና በሩን ሳታልፍ መቀነቷ ላይ የተቋጠረውን ብር አይቶ ጨርሷል።

«እናቴ፣ ዕድለኛ ነሽ። አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለና፣ ከአህያዋ የሚረዝም፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሯሯጥበት ስፒከር ገለጠላት። «አምፕሊፋየሩም እዚያው ውስጡ ነው። እስቲ ክብደቱን እይው። ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው።»

አህያዋ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። እውነትም ከባድ ነው። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ኖራለችና የድንጋይን ክብደት የሚያስተምራት የለም። ሳጥኑ ዘንበል ሲል በውስጡ አንድ ነገር ሲንከባለል ሰማች።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ገበያ ወጥቼ ተሽጫለሁ» አለችው። «አንድም ገዢ ቁመቴን አይቶ አልገዛኝም። መጀመሪያ ጥርሴን ያያል፤ ከዚያ ጭኖ ያስኬደኛል። እኔም ሳልጭንበት አልገዛም።» ፍላሿን አውልቃ ሰጠችው። «ይህችን አጫውትልኝ። የጌታ አንበሳ ድምፅ ነው፤ ፍላሽ ስለሆነ እንዳትደነግጥ።»

ቀበሮው ስቆ ሰካት። ትልቁ ሳጥን እስከ ጥጉ ተከፍቶ አጓራ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ መብራቶቹ ተሯሯጡ፤ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ድንጋይ ይንኳኳ ነበር። ቀበሮው ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሞ በመፋቂያ ጥርሱን ይፍቃል።

«ጉልበቱን ሰማሽ?» አላት።

አህያዋ ግን የምታየው እሱን ነበር። ጭራው እንኳ አልተነቃነቀም።

«ያ ጥግ ላይ ያለውስ?» አለች። ሁለት አቧራ የጠጡ ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ጌጥ የሌለው ጥቁር አምፕሊፋየር ነበሩ።

«እሱ ለጡረተኛ ነው። ቁመቱን አታዪም?»

«ስጭንበት አየዋለሁ።»

ቀበሮው እየተነጫነጨ ሁለቱን ስፒከሮች ግራና ቀኝ አስቀምጦ ገመዳቸውን ሰካ። ድምፁን እስከ ግማሽ እንኳ አልከፈተውም። መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ሣር ሲረገጥ ተሰማ። ከዚያ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አንበሳ ቆሞ አገሳ።

ቀበሮው ከባንኮኒው ሥር ተገኘ። መፋቂያውን ሊውጠው ምንም አልቀረውም ነበር።

«ይህን ነው የምወስደው» አለች አህያዋ፣ መቀነቷን እየፈታች። ከዕቁቡ ብርም ትንሽ ተረፋት።

ቀበሮ ያፈረበትን ቀን አይረሳም። በዚያው ከሰዓት አያ ጅቦን ፈልጎ አገኘው።

«አያ ጅቦ፣ አህያዋ ቤት አንበሳ ሲያገሳ ብትሰማ እንዳትሸሽ። አንበሳው ወርዷል፤ የምትሰማው ፍላሽ ነው። ዕቃውን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ለዚህ ወሬ አንድ እግር ትቆርጥልኛለህ።»

«ፍላሽ ይበላል እንዴ?» አለ ጅቡ።

«አይበላም። አህያዋ ግን ትበላለች።»

«አሁን ገባኝ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህያዋ ስፒከሮቹን ወደ በሩ አዙራ፣ ከኋላቸው ተንበርክካ ትጠብቅ ጀመር። ጅቡ መጣ። እየተሳበ ሳይሆን እየሳቀ ነው የመጣው። የሚፈራ ጅብ እንዲህ አይመጣም።

«እመት አህዪት፣ ልጠይቅሽ መጣሁ» አለ ከአጥሩ ውጭ። «ፍላሽሽን ክፈቺዋ። ቀበሮ ሁሉንም ነግሮኛል።»

በአፍንጫዋ ቁልፉን ተጫነች። ድምፅ የለም። ደግማ ተጫነች። አሁንም የለም። ጅቡ አጥሩን ገፍቶ ገባ። አህያዋ ዞር ስትል የአምፕሊፋየሩ ገመድ ከሶኬቱ ወልቆ አየች፤ ስትጣደፍ ራሷ ረግጣዋለች። በጥርሷ ነክሳ አነሳችው። አንድ ጊዜ ሳተች። ሁለተኛም ሳተች። የጅቡ ትንፋሽ የበሩ ደፍ ላይ ደርሷል። በሦስተኛው ገባላትና ቁልፉን ተጫነች።

ትንፋሽ ተሰማ።

«ፍላሽ ነው» አለ ጅቡ።

ሣር ተረገጠ።

«ፍላሽ ነው» አለ ጅቡ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ እያለ።

ከዚያ ጌታ አንበሳ አገሳ። የጅቡ ጭንቅላት ሁሉም ተነግሮታል፤ እግሮቹ ግን አልተነገራቸውም። በገባበት አልወጣም፤ አጥሩ ላይ አዲስ በር ከፍቶ ነው የወጣው። ድርሻውን ሊቀበል ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ የነበረው ቀበሮም ተነሥቶ ከፊቱ ይሮጥ ነበር።

«ፍላሽ ነው ብለኸኝ የለም እንዴ?» አለው ጅቡ እያለከለከ።

«ነው» አለ ቀበሮው፣ ሳይቆም።

አህያዋ በጓሮዋ በኩል ሲሮጡ ሰማቻቸው። ከዚያ ድምፁን አጠፋች፣ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያን ክረምት ቀን ቀን ዘፈን እየሰማችበት በሰላም ከረመች።

ከዚህ የምንማረው፣ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው ዕቃ ሲመርጥ የሳጥኑን ቁመትና የሻጩን ምላስ ትቶ፣ ለሚፈልግበት ሥራ ጭኖ አስኪዶ መሞከር እንዳለበት ነው።