ጓንጉል የዳፈነው እሳት

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? እራት አልበላችሁም እንዴ? በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ መንደር ራስጌ ትልቅ የጥድ ጫካ ነበረ። የመንደሩ ምንጭ የሚወጣው ከዚያ ጫካ ሥር ነው። ስለዚህም ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ። በበጋ እሳት ይዞ ጫካ የገባ ሰው፣ ማንም እሳት አይጫርለት አሉ። ያኔ ክብሪት የለም እኮ። ጎረቤት ፍም ከነፈገህ ምድጃህ ቀዘቀዘ፣ አለቀልህ።

ጓንጉል የሚባል ማር ቆራጭ ነበረና፣ በመጋቢት አንድ ጥድ ቀዳዳ ውስጥ የሰፈረ ንብ አይቶ ምራቁን ዋጠ። ችቦውን ደብቆ ወጣ። ንቡን ሲያጨስ ፍም ዱብ አለች፤ የረገፈው ቅጠል ተያያዘ። ጓንጉልም አፈር በእጁ እየዛቀ አለበሰው። ጭሱ ጠፋ። ከዚያም ማሩን ይዞ እያፏጨ ወረደ።

ሚስቱ ይታክቱ ማሩን አሸተተችና አፈጠጠችበት።
፦ እሳቱንስ ምን አደረግኸው?
፦ አፈር አልብሼ ቀበርኩት። ሞቷል።
ይታክቱ የማታ ፍሟን በአመድ እየዳፈነች ነበርና እጇ ቀጥ አለ።
፦ አንተ ሰውዬ! እኔ ይህን የምዳፍነው እንዲሞት ነው? ጠዋት እንዳገኘው አይደል?

ጓንጉል ማሩን ቁጭ አደረገ። እየሮጠ ተመለሰ። አፈሩን ቢረግጠው ይፋጃል። ቢቆፍር እሳቱ በጥዱ ሥር ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። እዚህ ሲያጠፋ እዚያ ይጨሳል። ነፋሱም ተነሣ። ቢጮህ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ዝም ቢል ምንጩ ይደርቃል። ወረድ አለ፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። እሱ ሲያመነታ አንዱ ጥድ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቦግ!

፦ ኡ ኡ! ድረሱ! እኔ ነኝ የለኮስኩት! በሥር እየሄደ ነው፣ ከፊቱ ቆፍሩ!

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቦይ ቆፈሩ፤ ውሃ በእንስራ አመላለሱ። ግማሹ ጫካ ተረፈ። ግማሹ ከሰል ሆነ።

ጎረቤቱ እማማ ሙጪት ቀጥ ብለው ጓንጉል ቤት ገቡና ምድጃው ላይ ውሃ ቸለሱበት።
፦ እሳት እንዲህ ነው የሚገደለው፣ ጓንጉሌ! ያቃጠልከው ጥድ እስኪበቅል እሳት የለህም!

ክረምት ሲገባ ጎርፉ አመዱን ከነአፈሩ አውርዶ ማሳ ላይ ደፋው። ምንጩም እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ አለ። ይታክቱ ገል ይዛ በር ለበር ዞረች።
፦ የለንም እቴ፣ ጠፍቶብናል ይሏታል፣ ጭሱ በጣራቸው እየወጣ።
ጓንጉል ጥሬ ሽንብራ አልቆረጠም ሲለው፦ ማርህን ብላዋ! ትለዋለች።

በየቀኑ ወደ ከሰሉ ይወጣል። ፍየል ያባርራል። ተንበርክኮ አመዱን ያያል። ምንም የለም። ከተረፈው ጫካ ወፎች የጥድ ፍሬ በልተው እዚያ ይኩሱ ነበርና፣ በሁለተኛው ክረምት ጣት የማታክል ችግኝ ብቅ አለች። ከዚያም ሌላ። ከዚያም ሌላ።

እማማ ሙጪት ራሳቸው ወጥተው አዩ። ማታ በገል ፍም ይዘው መጡ።
፦ በል ልጄ፣ ዳፍነውና ተኛ።
ጓንጉል ፍሙን ዳፈነ። መተኛቱን ግን አልተኛም። እጁን አመዱ ላይ ዘርግቶ፣ ሙቀቱን እየለካ፣ ቁጭ ብሎ አነጋ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ ማር የነካው ዳቦም አጉርሱ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ምድጃውን አየት አድርግልኝ እስቲ።